የውርስ ቤት ስትካፈሉ፦ በስምምነት፣ በግዢ፣ በዓይነት ወይስ በሐራጅ?

ወላጅ ካረፈ በኋላ እስከ አርባው፣ እስከ ሰማንያው ድረስ ስለ ቤቱ የሚያነሳ ሰው የለም። ነውር ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ «እንግዲህ ቤቱስ ምን ይሁን?» ይላል። ሌላዋ አቀርቅራ ዝም ትላለች። ሦስተኛው ቀድሞ ጠበቃ አማክሮ መጥቷል። ዓመት ሳይሞላ እነዚያው ልጆች ችሎት በር ላይ በተለያየ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ታገኟቸዋላችሁ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ምርጫቸውን ማየት ለሚፈልጉ ነው። በዋናነት የማስበው የአዲስ አበባን ቤት ነው። በክልል ከተሞችም ውርሱ የሚዳኘው በዚያው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉና የጽሕፈት ቤቶቹ አሠራር ግን ከክልል ክልል ይለያያል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ክስ የሚመሠርተው «ፍርድ ቤቱ ቤቱን ይሰጠኛል» ብሎ ነው። ፍርድ ቤት የሚሰጣችሁ ድርሻ ነው። ያ ድርሻ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀየርበት መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብም፣ ዓመታትም፣ ወንድማማችነትም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱን ቀድሞ መምረጥ ጠበቃ ከመምረጥ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሚካፈለው ስንት ነው?

ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ በአባት ስም ካርታ አለው። የተሠራው በትዳር ጊዜ ነው። አባት አርፈዋል፣ እናት በሕይወት አሉ። ልጆቹ አራት ናቸው። አንደኛው ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ሁለት ልጆች ትቶ ሞቷል። ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል።

አብዛኛው ሰው 12 ሚሊዮኑን ለአምስት ያካፍላል። እንዲህ አይሰላም። ካርታው በአባት ስም ብቻ ቢሆንም፣ በትዳር ጊዜ የተፈራ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ 6 ሚሊዮኑ የእናት ነው። ይህ ውርስ አይባልም፤ ድሮም የራሳቸው ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው 6 ሚሊዮን ነው። እሱ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ቀድሞ የሞተው ልጅ ድርሻ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፣ 750 ሺህ 750 ሺህ። ኑዛዜ ካልተደረገላቸው በቀር እናት ከዚህኛው 6 ሚሊዮን አይወርሱም። የትዳር ጓደኛ በእኛ ሕግ የሕግ ወራሽ ስላልሆነ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ክርክሮች አሉ። ሁለቱም አያዋጡም። አንደኛው «እሷ አግብታ ወጥታለች፣ ባሏ ቤት አለው» የሚል ነው። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ነው የምትወርሰው። ሁለተኛው ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ለማስቀረት የሚደረግ ጥረት ነው። እሱም እኩል ወራሽ ነው። ዛሬ ብትደብቁት ነገ የክፍፍሉን ውሳኔ ይዞ የሚያስፈርሰው እሱ ነው። ቀድማችሁ አስገቡት።

ከክፍፍሉ በፊት የሚወጣ ወጪም አለ። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነና ያልተከፈለ የባንክ ብድር ካለበት ያ ብድር ከሁሉም ድርሻ ላይ ነው የሚነሳው። የተዝካር ወጪ ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቅ ነው። አንዱ ልጅ በሬ አርዷል፣ ድንኳን ተክሏል፤ በኋላ ሂሳብ ይዞ ይመጣል። ገና ከመጀመሪያው ቁጭ ብላችሁ ብትተማመኑበት ይሻላል።

የቀበሌ ቤት ከሆነ የምትካፈሉት ባለቤትነት የለም፤ የተያዘው በኪራይ ነውና። የግል ቤትም ቢሆን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የምትካፈሉት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ይህ ነገር በዓይነት፣ ማለትም ቤቱን ራሱን ቆርሳችሁ፣ ስትካፈሉ ትልቅ ትርጉም አለው፤ እመለስበታለሁ።

የወራሽነት ማስረጃ ቤት አያካፍልም

አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። የሞት ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃ፣ ምስክሮች ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ማስረጃው እናንተ ወራሽ መሆናችሁን ብቻ ነው የሚናገረው። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚወስድ አይናገርም።

የክፍፍል ክርክር ከተነሳ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረት የክርክሩ ገንዘብ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛው። የዳኝነት ክፍያውም በምትጠይቁት መጠን ልክ ይሰላል።

በመካከል ውርስ ማጣራት የሚባል ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ወራሾቹን፣ ንብረቱን፣ ዕዳውንና ኑዛዜ መኖሩን አጣርቶ ሪፖርት ያቀርባል። ይህ ለሁሉም ቤተሰብ ያስፈልጋል? አይመስለኝም። አንድ ቤት ብቻ ካለ፣ ወራሾቹም ተዋውቀው ዕዳ ከሌለ፣ ራሳችሁ ልታጣሩት ትችላላችሁ። ሕጉም መጀመሪያ ኃላፊነቱን የሚሰጠው ለወራሾቹ ነው። ኑዛዜ ካለ፣ ሟች ሁለት ትዳር ከነበራቸው፣ ወይም አንዱ ልጅ የሚደብቀው ንብረት አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አጣሪ ይሾም። የሚከፈለው ከውርሱ ነው፤ ለሚያስቀረው ንትርክ ሲታይ ውድ አይደለም። ኑዛዜ ላይ ተቃውሞ ካላችሁ አትዘግዩ። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ተስማምቶ በፍርድ ቤት ማጽደቅ

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ይህን የምለው እርቅ ደስ ስለሚል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስምምነት ብቻ የሚገኙ ነገሮች ስላሉ ነው። ዳኛ «እናት ከታች ያለውን ክፍል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይኑሩበት፣ ታናሽየው ኪራዩን ይሰብስብ፣ ውጭ ያለችው እህት ድርሻዋን በሦስት ዓመት ትቀበል» የሚል ፍርድ ከራሱ አመንጭቶ አይሰጥም። እናንተ ግን ይህን መዋዋል ትችላላችሁ።

ችግሩ ሰው ስምምነት ሲል ሽማግሌ ፊት ተሳስሞ መለያየትን ማለቱ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት በቃል አይካፈልም። በጽሑፍ ይሁን። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ታስመዘግባላችሁ፣ ወይ ለፍርድ ቤት አቅርባችሁ ታጸድቃላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ለዚህ በር ከፍቷል። ክስ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን በማናቸውም ደረጃ ታርቃችሁ የስምምነቱን ወረቀት መዝገቡ ላይ ማስገባት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አንዱ ወገን ቢያፈገፍግ አዲስ ክስ አትከፍቱም፤ በቀጥታ አፈጻጸም ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

በራሳችሁ መስማማት ካቃታችሁ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ውስጥ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አገልግሎት አለ። አስማሚው አይፈርድባችሁም። ከየወገኑ ጋር ተነጋግሮ የሚቀራረብ ነገር ይፈልጋል። የቤተሰብ ነገር ስለሆነ ለውርስ ጉዳይ ይመቻል። የአክስትና የአጎት ሽምግልና ያልፈታውን ማንንም የማያውቅ ሰው ሲፈታው ይታያል፤ ምክንያቱም አክስት ሁሌም የሆነ ልጅ ትወዳለች።

በስምምነቱ ውስጥ ምን ይጻፍ? የእያንዳንዱ ድርሻ በቁጥር። ቤቱን ማን እንደሚይዝ። ገንዘብ ከሆነ መቼ፣ በየትኛው ባንክ። እስካሁን የተሰበሰበው ኪራይ እንዴት እንደሚታሰብ። አንዱ ወራሽ በራሱ ወጪ ሰርቪስ ጨምሮ ከሆነ እሱ። ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ በማን እንደሚሆን። ቤቱን የሚለቀው ሰው የሚወጣበት ቀን። እና ገንዘቡ በቀኑ ባይከፈል ምን እንደሚሆን። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ጠብ የሚመለሰው ግን በእሱ በኩል ነው።

ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ይወክለዋል። ሞግዚቷ እናት ሆና ራሷም የምትካፈል ከሆነ ጥቅማቸው ሊጋጭ ስለሚችል የዚህን ጊዜ በፍርድ ቤት ሳያጸድቁ መተው አደገኛ ነው።

ሁለተኛው፦ አንዱ ለሌሎቹ ከፍሎ ቤቱን ማስቀረት

አንድ ልጅ ግቢው ውስጥ ሲኖር፣ ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸው ቤት ሲኖራቸው ይህ ይስማማል። ቤቱ ከቤተሰብ እጅ አይወጣም። የሐራጅ ኪሳራም የለም።

ጭንቁ ዋጋው ላይ ነው። በቤቱ የሚኖረው ዝቅ ያለ ግምት ይወዳል፤ የሚወጣው ከፍ ያለ። መሐንዲስ ቤቱን በግንባታ ዋጋው ሲገምተው ቁጥሩ ሰፈሩ ከሚያወጣው ዋጋ ብዙ ሊርቅ ይችላል። በተለይ ቦሌ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ዋጋው ያለው ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ የመሐንዲስ ግምት ብቻ ይዛችሁ አትፈርሙ። በዚያው ሰፈር በቅርቡ የተሸጠ ቤት ስንት እንዳወጣ ከሁለት ከሦስት ደላላ ጠይቁ፤ መሃሉን ያዙ።

ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ እናት ግማሹን ይዘው ቢቀጥሉና አንደኛው ልጅ የቀሩትን ድርሻ ልግዛ ቢል 4.5 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። ቤቱን ሙሉ ለመግዛት ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ይህ ሊደረስበት የሚችል ነው። ባንክ ሊያበድር ይችል ይሆናል፤ ግን ካርታው በሟች ስም እያለ የመያዣ ብድር ከባድ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ገንዘባቸውን ሳይቀበሉ ስም እንዲዛወር መፍቀድ የለባቸውም። «ወንድሜ ነው» ብሎ ፈርሞ፣ ገንዘቡን በሁለት ዓመት ተንጠባጥቦ የተቀበለ ሰው፣ ብሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደረከሰ ያውቀዋል። ክፍያው የግድ በጊዜ ከተከፋፈለ ዋጋው የሚስተካከልበት መንገድ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከወራሾቹ አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ልሽጥ ካለ ሌሎቹ የጋራ ባለቤቶች በሕግ የቀዳሚነት መብት አላቸው። ቀድማችሁ ሳትጠይቁ ባዳ ሰው ግቢ እንዳታስገቡ።

ሦስተኛው፦ በዓይነት መካፈል

ሕጉ የሚወደው ይህን ነው። መካፈል የሚችል ነገር ካለ ለየራሱ ይድረሰው ይላል። ከሳሽም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ወደ ግቢው ስንገባ ግን ነገሩ ይቀየራል።

240 ካሬ ሜትር ግቢ እንበል። ፊት ለፊት ቪላ፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች። የውጭ በር አንድ ነው፣ ወደ መንገዱ። የውሃ ቆጣሪ አንድ፣ የመብራት ቆጣሪ አንድ። ፍርድ ቤቱ ያዘዘው መሐንዲስ ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል። የኋለኛውን ክፍል የሚወስደው ወራሽ መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫው ከፊተኛው ይዞታ በጎን በኩል ተቆርጦ ሊወጣ ነው። እዚያ ጋር ደግሞ ሴፕቲክ ታንኩ አለ። ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው፤ ስለዚህ ቪላውን የሚወስደው ያለ ወጥ ቤት ሊቀር ነው። ፊተኛው በዋጋ ስለሚበልጥ የሚወስደው ለኋለኛው ማካካሻ መክፈል አለበት። እዚህ ሲደርስ ሁለቱም «ፊተኛውን እኔ» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ቢፈታ እንኳ ዋናው በር ሌላ ቦታ ነው። ፍርድ ቤቱ ለክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጽፋል፦ ይህ ይዞታ በፕላን መሠረት ለሁለት ይከፈላል ወይ? ካርታ የሚሰጠው አስተዳደሩ ነው። የሚገኘው ቁራጭ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ስፋት ካነሰ፣ መንገድ ከሌለው፣ ወይም አካባቢው ለመልሶ ማልማት ከተያዘ መልሱ «አይከፈልም» ነው። ስለዚህ በዓይነት ይከፈልልኝ ብላችሁ ክስ ከማቅረባችሁ በፊት ይህንን ጥያቄ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከአንድ ዓመት ክርክር በኋላ የምታገኙትን መልስ በአንድ ሳምንት ልታገኙት ትችላላችሁ።

በዓይነት የሚያዋጣው ሰፊ ግቢ ላይ ነው። ሁለት የተለያየ በር ማውጣት የሚቻልበት፣ ወይም ውርሱ ከአንድ በላይ ቤት ሲሆን። ሁለት ቤትና ሁለት ልጅ ካለ ቀላል ነው፤ የዋጋ ልዩነቱን በገንዘብ ማስተካከል ይበቃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ይህን መንገድ እርሱት። ባለ ሁለት መኝታ ቤት በግድግዳ አይከፈልም።

አራተኛው፦ ሐራጅ

የአብዛኛው የክፍፍል ፍርድ ይዘት አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ በዓይነት የሚካፈል ከሆነ ይካፈሉ፤ ካልሆነ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ ያስቀር፤ በዚህም ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈሉ። ሦስት ደረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከከሸፉ ሦስተኛው ይቀራል።

ፍርዱ ከወጣ በኋላ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ቤቱ ይገመታል፣ ያ ግምት የሐራጁ መነሻ ዋጋ ይሆናል። ማስታወቂያ በቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። የሚጫረት ሰው የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛል። ገዢ ካልቀረበ ለሁለተኛ ጊዜ ይወጣል።

ቀኑ ሲደርስ የሚመጣው ሰው ግን ጎረቤት ወይም ቤት ፈላጊ ቤተሰብ እምብዛም አይደለም። ሐራጅን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለበት ያውቃሉ። ለማስለቀቅ ጊዜ እንደሚፈጅ ያሰላሉ። ውስጡን አላዩት ይሆናል። ይህን ሁሉ ከሚሰጡት ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ። ያ የሚቀነሰው ገንዘብ ከእናንተ ከእያንዳንዳችሁ ድርሻ የሚወጣ ነው። እልህ የያዘው ወራሽ «ይሸጥና ሁላችንም እናጣ» ይላል፤ እውነትም ሁሉም ያጣሉ።

ሐራጅ ግን ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አንዱ ወራሽ ቤቱን ይዞ ለዓመታት ኪራይ እየበላ፣ ሽማግሌ ሲመጣ በር እየዘጋ ከሆነ፣ ሌላ መውጫ የለም። የሐራጅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ሲለጠፍ ድንገት ለመነጋገር የሚመጣም አለ። ያን ጊዜም አልረፈደም፤ ሽያጩ እስኪፈጸም መታረቅ ይቻላል። ሌላም ልብ በሉ፦ ወራሹ ራሱም መጫረት ይችላል። ቤቱን የሚፈልግ ልጅ ሲፒኦ ይዞ ይቅረብ። ካልቀረበ በኋላ ማልቀስ አይጠቅምም።

ከሐራጅ ይልቅ ተስማምታችሁ በገበያ ብትሸጡት የተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። ገዢው ገብቶ ያየዋል፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ይረከባል፣ ለመደራደር ጊዜ አለ። የሚያስፈልገው የሁሉም ፊርማ ነው። ሁሉም ሊፈርሙ የሚችሉ ከሆነ ሐራጅ ምን ያደርጋል? ቢያንስ በዚህ ላይ ብቻ እንኳ ተስማሙ። ሌላው ቅሬታ ሁሉ እንዳለ ሆኖ።

አምስተኛው፦ ለጊዜው በጋራ ማቆየት

ይህም ምርጫ ነው። በጋራ ማከራየት፣ ኪራዩን በድርሻ መከፋፈል። ማንም ወራሽ ይካፈልልኝ ብሎ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው።

አደጋው ዝምታው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 የወራሽነት ጥያቄን በ3 ዓመት ይገድባል፤ ጊዜው የሚቆጠረው ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ቤተሰብ አጣልቷል። «ወንድሜ አለበት፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ ስምንት ዓመት ያለፈው ሰው የይርጋ፣ ማለትም «የመጠየቂያ ጊዜህ አልፏል» የሚል፣ መከራከሪያ ይገጥመዋል። ጉዳዩ በጋራ ይዞታ ስር ነበር ወይስ አንዱ ለራሱ ይዞታል በሚለው ላይ ትልቅ ክርክር ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። በጋራ ለማቆየት ከወሰናችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ቤቱ የሁላችንም ነው፣ እገሌ የሚኖርበት ወይም የሚያከራየው በሁላችን ስም ነው። ሁሉም ይፈርም። የወራሽነት ማስረጃውንም አውጡ። ከተቻለ ካርታውን ወደ ወራሾቹ ስም አዙሩት።

የትኛው ለማን?

እናት ወይም አባት በቤቱ እየኖሩ ከሆነ፣ እኔ ሽያጭ የሚባለውን ጨርሶ አላነሳም። ድርሻችሁን በጽሑፍ አረጋግጡና ቆዩ። በሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ግን የ75 ዓመት እናትን ከጎረቤታቸው፣ ከእድራቸው ነቅሎ በግማሽ ድርሻቸው ሌላ ቤት ፈልጉ ማለት ምን እንደሚያስከትል ሳይነገራችሁም ታውቁታላችሁ።

ሁሉም ልጆች የራሳቸው ኑሮ ካላቸውና ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ በገበያ ሽጡ። አንዱ ብቻ የሚኖርበት ከሆነ፣ ቀን ቆርጣችሁ የመግዛት ዕድል ስጡት፤ ካልቻለ ሽጡ። ንግግር ጨርሶ ከተቋረጠ ክስ መሥርቱ፤ ክሱን ስትመሠርቱ በዚያው ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ዕግድ ጠይቁ፣ ዕግዱም ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ መድረሱን ራሳችሁ አረጋግጡ። የተሰበሰበ ኪራይ ካለ በዚያው ክስ ጠይቁት፤ በኋላ ለብቻው ማንሳት ያስቸግራል።

ሙስሊም ቤተሰቦች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መካፈል ይችላሉ፤ ግን ሁሉም ወገን ፈቅዶ ሲቀርብ ብቻ ነው። ድርሻውም እዚህ ካሰላነው ይለያል፤ ሚስት ትወርሳለች፣ የወንድና የሴት ልጅ ድርሻ እኩል አይሆንም። አንዱ ካልፈቀደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የገጠር መሬት ደግሞ በሌላ ሕግ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅና የየክልሉ ሕግ አሉ፤ የዚህን ጽሑፍ ስሌት ወስዳችሁ እዚያ አትጠቀሙበት።

ውጭ አገር ወራሽ ካለ

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ወራሽ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው ውክልና ላይ ነው። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል።

«ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ነገር እንዲፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ግን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ ክስ ለመመሥረትና ለመከላከል ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ውክልናው ላይ እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። ለመካፈል ብቻ ወክላችሁ ለመሸጥ ካልፈለጋችሁም ይህንኑ ግልጽ አድርጉ። እዚህ ያለው ወራሽ ወንድምህ ራሱ ተካፋይ ከሆነ ግን የአንተም ወኪል እሱ ባይሆን ይመረጣል። በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ ለእሱም ይከብደዋል።

ዜግነት የቀየሩ ሰዎች መውረስ አንችልም ብለው ሲተዉት ይታያል። ከ1994 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። መታወቂያውን ግን ክፍፍሉ ሳይጀመር አውጡ።

ከፍርዱ በኋላ

ፍርድ ያገኘ ሰው ውሳኔውን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው ያሳዝነኛል። ውሳኔ በራሱ አይፈጸምም። የአፈጻጸም መዝገብ ካልተከፈተ ቤቱ እዚያው ነው፣ የሚኖርበትም ሰው እዚያው። የፍርድ አፈጻጸም በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ረጅም ይመስላል፣ ግን ይግባኙና ሰበሩ፣ የአንዱ ወራሽ መታመም፣ የሌላው ከአገር መውጣት ሲጨመርበት ሳይታወቅ ያልቃል። በዚያ መሃል አንዱ ወራሽ ከሞተ ደግሞ የእሱ ወራሾች ይገባሉ፤ አራት የነበራችሁት ዘጠኝ ትሆናላችሁ።

የይግባኙን ቀን ቁጠሩ፣ ካለፈ የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም አስደርጋችሁ አውጡ። በስምምነት የጨረሳችሁ ከሆናችሁ ውሳኔውን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ። የግብር ውዝፍ ካለ እዚያ ይጠየቃል። ክፍያውን ጨርሳችሁ፣ አዲሱ ካርታ በስማችሁ ሲወጣ ስማችሁ፣ የአባት ስም፣ የይዞታው ስፋትና የቤት ቁጥሩ ከውሳኔው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ በዚያው ቀን ይታረም።